አንዱ ሌላውን የማይውጥበት ዜማ፦ የባኽ ፕሪሉዶችና ፊዩጎች

በጀርመን ምድር፣ ኦርድሩፍ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አንድ ሕፃን በታላቅ ወንድሙ ቤት ተጠግቶ ያድግ ነበር። እናቱንና አባቱን በሞት ያጣው አሥር ዓመት ሳይሞላው ነው። ወንድሙ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች በመሆኑ የዘመኑ ዕውቅ ደራሲያን ሥራዎች የተሰበሰቡበት አንድ የኖታ መጽሐፍ ነበረው። ሕፃኑ መጽሐፉን ለማየት ደጋግሞ ለመነ፤ ተከለከለ። መጽሐፉም ፍርግርግ በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ ትንንሽ እጆቹን በፍርግርጉ አሾልኮ ያስገባል፤ በወረቀት ብቻ የተጠረዘውን መጽሐፍ ጠቅልሎ ያወጣል። መብራት ስላልነበረው ጨረቃ በወጣችባቸው ሌሊቶች እየተቀመጠ በብርሃኗ ይገለብጣል። ሥራው ስድስት ወር ፈጀ። በመጨረሻ ግን ወንድሙ ደረሰበት፤ የለፋበትንም ቅጂ ነጠቀው።

ያ ሕፃን ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ይባላል። ታሪኩን ያቆዩልን፣ እርሱ ካረፈ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ጽፈው በ1754 ለኅትመት ያበቁት ልጁና ደቀ መዝሙሩ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፍ የተቆለፈበት ሕፃን አድጎ መምህር ሲሆን ለተማሪ ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ ፒያኖ የሚማር ሁሉ የሚያልፍበት በር ሆኗል።

ለተማሪ የተጻፈ መጽሐፍ

ባኽ በ1685 በአይዘናኽ ከተማ ተወለደ። ካደገም በኋላ በቫይማር መስፍን ቤተ መንግሥት ለዓመታት አገለገለ። በ1717 ሥራውን ለመልቀቅ አጥብቆ በመጠየቁ መስፍኑ ለአራት ሳምንታት ያህል አሰረው። ከእስር ሲፈታ ኮተን ወደምትባለው ከተማ ሄደ። በዚያ የነበረው ልዑል ሙዚቃ ወዳድ ቢሆንም፣ የሚከተለው እምነት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ ሙዚቃ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ባኽ በእነዚያ ዓመታት በመሣሪያ ብቻ ወደሚቀርብ ሙዚቃ አዘነበለ።

ኮተን የደስታም የሐዘንም ቦታው ነበረች። በ1720 ከልዑሉ ጋር ከሄደበት ጉዞ ሲመለስ ባለቤቱ ማሪያ ባርባራ ሞታ፣ ተቀብራም አገኘ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለዘጠኝ ዓመቱ የበኩር ልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን መማሪያ የሚሆን ትንሽ የኖታ ደብተር ማዘጋጀት ጀምሮ ነበር። ኋላ ዓለም ያወቃቸው በርካታ ፕሪሉዶች የመጀመሪያ መልካቸው በዚህ የልጅ ደብተር ውስጥ ይገኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1722፣ ባኽ «በሚገባ የተቃኘው ክላቪየር» ብሎ የሰየመውን መጽሐፍ በእጁ ጽፎ አጠናቀቀ። በርዕስ ገጹ ላይ መጽሐፉ ለመማር ለሚሹ ወጣቶች ጥቅም፣ ሙያውን ለጠነቀቁትም መደሰቻ እንዲሆን መጻፉን ገልጿል። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ በላይፕሲግ ሳለ ሁለተኛ ክፍል አዘጋጀለት። በእያንዳንዱ ክፍል 24 ጥንዶች አሉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ፕሪሉድና አንድ ፊዩግ ይይዛል። በጠቅላላው 48 ጥንድ ይሆናል ማለት ነው።

ቁጥሩ 24 የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኪቦርድ ላይ ነጭና ጥቁሮቹ ተደምረው 12 የተለያዩ ኖታዎች አሉ። ከእያንዳንዱ ኖታ ተነሥቶ አንድ ሜጀር፣ አንድ ማይነር ስኬል መሥራት ይቻላል። ባኽ ሙዚቀኞች በእንግሊዝኛ ፊደል «ሲ» ከሚሉት ኖታ ማለትም ከዶ ጀምሮ፣ አንድም ሳይዘል እስከ «ቢ» ድረስ በሁሉም ጻፈ።

በዚያ ዘመን ይህ ድፍረት ነበር። በቀድሞው የአቃቃኝ ልማድ ጥቂት ስኬሎች ጣፋጭ ሆነው ሲደመጡ ሌሎቹ ጆሮ ይሻክሩ ነበር፤ ደራሲያንም ይሸሿቸዋል። የመሣሪያ ቃኚዎች የኖታዎቹን ርቀት በጥቂት በጥቂቱ እያሸጋሸጉ ሁሉም የሚደመጡበትን መንገድ ሲያገኙ፣ የተዘጋው መሬት ለእርሻ ተከፈተ። ከባኽ በፊትም ዮሐን ካስፓር ፈርዲናንድ ፊሸር የተባለ ደራሲ በ1702 «አሪያድኔ ሙዚካ» በተባለ ሥራው 20 ፕሪሉዶችና ፊዩጎችን አሳትሞ ነበር፤ 24ቱን ስኬሎች ግን አላዳረሰም። ባኽ ከፊሸር ተማረ፤ ጅምሩንም ከዳር አደረሰው።

ለመሆኑ ካውንተርፖይንት ምንድን ነው?

አብዛኛው ሙዚቃ አንድ ዜማና አጃቢዎቹ አሉት። ድምፃዊው ያዜማል፤ መሣሪያው ይከተለዋል። በአገራችንም የቅዱስ ያሬድ ዜማ በብዙ ሰው ቢዘመርም አንድ ዜማ ነው፤ ማሲንቆውም የአዝማሪውን ድምፅ ተከትሎ ይሄዳል። የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ አዋሕዶ የማዜም ባህል በደቡብ ኢትዮጵያ በዶርዜዎች ዘንድ በስፋት ይታወቃል። ካውንተርፖይንትም የሚገኘው በዚህኛው ጎራ ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አልፎም አምስት ዜማዎች በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ፤ አንዱም የሌላው አጃቢ አይደለም።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ነጥብ ከነጥብ አንጻር» የሚል ትርጉም አለው፤ በጥንት ጊዜ ኖታ ነጥብ ይባል ነበርና። ነገሩን ለመረዳት የሸማኔን ሥራ ማሰብ ይጠቅማል። ሸማ ከድርና ከማግ ይሠራል። በካውንተርፖይንትም እያንዳንዱ ዜማ ከመነሻ እስከ መድረሻ ርዝመቱን ጠብቆ እንደ ድር ይዘረጋል። በየቅጽበቱ ደግሞ አብረው የሚሰሙት ኖታዎች እንደ ማግ ያገናኙታል። አንዱ ክር ቢጎድል ጨርቁ ይሳሳል።

ሙያው ጥብቅ ሕጎች አሉት። ሕጎቹ የተቀመጡት ለአንድ ዓላማ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ራሱን ችሎ እንዲደመጥ። ለምሳሌ ሁለት ድምፆች በአምስት ኖታ ርቀት፣ ከ«ሲ» እስከ «ጂ» እንዳለው፣ ጎን ለጎን ሆነው አብረው መውጣትና መውረድ የለባቸውም። በስምንት ኖታ ርቀትም እንዲሁ። እንደዚያ ከሄዱ ሁለቱ ድምፆች ተዋሕደው በጆሮ እንደ አንድ ይሰማሉ፤ አንዱ ጠፋ ማለት ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ቢወርድ ግን ሁለቱም በግልጽ ይለያሉ።

ጆሮ የሚሻክር ግጥምጥሞሽም ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም። አንዱ ድምፅ ቀድሞ የተስማማበትን ኖታ ይዞ ይቆያል፤ ሌላው ከሥሩ ሲነቃነቅ ግጭት ይፈጠራል፤ የቆየውም በአንድ እርምጃ ዝቅ ብሎ ግጭቱን ይፈታል። የባሮክ ሙዚቃ አድማጩን ወደፊት የሚስበው በዚህ የመጋጨትና የመታረቅ ሰንሰለት ነው።

አንድ ፊዩግ ሲከፈት

ፊዩግ የካውንተርፖይንት ጫፍ ነው። ስሙ «ፉጋ» ከሚለው የላቲን ቃል የተገኘ ሲሆን ሽሽት ማለት ነው። አንዱ ድምፅ ይሸሻል፤ ሌላው ዱካውን ተከትሎ ይሮጣል።

አሠራሩን ለማየት በመጀመሪያው ክፍል ሁለተኛ የሆነውን የ«ሲ ማይነር» ፊዩግ መመልከት ይበቃል። አጭር ነው፤ በኖታ ወረቀት ላይ በቋሚ መስመሮች ከሚለዩት የምት ክፍሎች 31 ብቻ አሉት። የሚሰሙትም ሦስት ድምፆች ናቸው።

በመጀመሪያ መካከለኛው ድምፅ ብቻውን ይጀምራል። ሁለት የምት ክፍል ያህል የሚረዝም፣ ቀልጠፍ ያለ፣ በቀላሉ በአእምሮ የሚቀረጽ ዜማ ያሰማል። ይህ የፊዩጉ ጭብጥ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህች አጭር ዜማና ከተጓዳኞቿ የሚበቅል ነው።

ቀጥሎ ላይኛው ድምፅ ይገባል። ያንኑ ጭብጥ በአምስት ኖታ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል፤ ይህም «መልስ» ይባላል። በመልሱ ውስጥ አንዲት ኖታ ብቻ፣ አራተኛይቱ፣ ከተጠበቀችበት ዝቅ ብላ ትገኛለች። የተቀየረችውም ሙዚቃው ገና በጅምሩ ከመነሻው ስኬል ርቆ እንዳይኮበልል ነው። መካከለኛው ድምፅ ግን ተራውን ጨረስኩ ብሎ ዝም አይልም። ላይኛው ሲመልስ እርሱ እንደ ደረጃ በሚወርድ ሌላ ዜማ ይገናኘዋል። ይህ ተጓዳኝ ዜማ ነው።

በሰባተኛው የምት ክፍል ሦስተኛው ድምፅ ከታች ይገባል፤ ጭብጡንም በወፍራም ድምፁ ያነሣል። አሁን ሦስቱም ተሟልተዋል። አንዱ ጭብጡን፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ተጓዳኝ፣ ሦስተኛው ሌላ ተጓዳኝ ይዟል። የባኽ ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱ ዜማዎች ቦታ ቢቀያየሩ፣ ከላይ የነበረው ወደ ታች፣ ከታች የነበረው ወደ ላይ ቢሄድ፣ ስምምነታቸው አይፈርስም። ከፊዩጉ መነሻ እስከ መድረሻ ቦታ እየተለዋወጡ ይመላለሳሉ፤ ለዘለቄታው ከላይ የሚቀመጥም ከታች የሚቀርም የለም።

በጭብጡ መመላለሶች መካከል ጭብጡ ሙሉ ሆኖ የማይሰማባቸው መሸጋገሪያዎች አሉ። የጭብጡ ቁራጭ እየተደጋገመ ሙዚቃውን ወደ ሌላ ስኬል ይወስደዋል። በአንዱ መሸጋገሪያ ማብቂያ ላይ ጭብጡ በሜጀር ብቅ ይላል፤ ደመና ለአፍታ እንደ መግፈፍ ነው። በመጨረሻም ከታች አንድ ኖታ ተይዞ ይቆያል፤ በላዩም ጭብጡ ለመጨረሻ ጊዜ ይሰማል። በማይነር የኖረው ፊዩግ የሚዘጋው በሜጀር ድምፅ ነው።

ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ከዚህ የጠለቁ ብልሃቶችም አሉ። በ«ሲ ሜጀር» ፊዩግ አንዱ ድምፅ ጭብጡን ሳይጨርስ ሌላው ይቀድመውና ይጀምራል፤ ስትሬቶ ይሉታል። በስምንተኛው ፊዩግ ጭብጡ ተገልብጦ ይሰማል፤ ወደ ላይ የወጣው ወደ ታች፣ የወረደው ወደ ላይ ይሆናል። እዚያው ላይ ጭብጡ በእጥፍ ርዝመት ተዘርግቶም ይመጣል፤ ሌሎቹ ድምፆች ደግሞ በላዩ በተለመደ ፍጥነታቸው ይሄዳሉ።

የተማሪን ጆሮ የሚፈትነው የድምፆቹ ብዛት ጭምር ነው። በመጀመሪያው ክፍል ካሉት 24 ፊዩጎች 11ዱ ባለ ሦስት፣ 10ሩ ባለ አራት፣ ሁለቱ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ባለ ሁለት ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ የ«ኢ ማይነር» ፊዩግ። በዚህ ፊዩግ ባኽ አድማጩን ያስደንቃል። እርስ በርስ ሲሯሯጡ የነበሩት ሁለት ድምፆች ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ የምት ክፍል ያህል፣ በስምንት ኖታ ርቀት ሆነው አንድ ዓይነት ዜማ ያሰማሉ። ሕጉ የሚከለክለው ይህንኑ ነበር። ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መቼ ሊተላለፈው እንደሚችልም ያውቃል።

ነፃው ፕሪሉድ

ከእያንዳንዱ ፊዩግ በፊት ፕሪሉድ ይቀድማል። ፕሪሉድ መግቢያ ማለት ነው። ጥንት ተጫዋቹ ጣቶቹን ለማፍታታት፣ የመሣሪያውን ቅኝት ለመፈተሽ፣ አድማጩንም ለማዘጋጀት ከአእምሮው ያፈልቀው የነበረ ሙዚቃ ነው። ፊዩግ በሕግ የታሰረ ሲሆን ፕሪሉድ የሚፈልገውን መልክ ሊይዝ ይችላል።

ባኽም ይህን ነፃነት በሙሉ ተጠቀመበት። የ«ሲ ሜጀር» ፕሪሉድ የጎላ ዜማ የለውም፤ የተሰባበሩ የኖታ ስምምነቶች እንደ ክራር ድርድር እየተከታተሉ ይፈስሳሉ። የ«ሲ ማይነር» ፕሪሉድ ጣትን የሚፈትን ሩጫ ሆኖ ይጀምርና፣ መጨረሻው ላይ ደራሲው ራሱ በጻፋቸው የፍጥነት ምልክቶች መሠረት አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። የ«ኢ ፍላት ማይነር» ፕሪሉድ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ሐዘን የከበደው ነው። የመጨረሻው፣ የ«ቢ ማይነር» ፕሪሉድ፣ የጣሊያን ባለ ሦስት ድምፅ ሶናታን ይመስላል፤ ሁለት ድምፆች ከላይ ሲነጋገሩ ከሥራቸው ቤዙ ሳያቋርጥ ይራመዳል።

ፊዩጎቹም አንድ መልክ ብቻ የላቸውም። በመጀመሪያው ክፍል የ«ዲ ሜጀር» ፊዩግ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የክብር ሙዚቃን አካሄድ ይከተላል። በሁለተኛው ክፍል የ«ኢ ሜጀር» ፊዩግ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለ መሣሪያ የሚዘመረውን የጥንት ዝማሬ ስልት ይይዛል፤ ጭብጡም ከፊሸር ጭብጥ ጋር ይመሳሰላል። የመጀመሪያው ክፍል መዝጊያ የሆነው የ«ቢ ማይነር» ፊዩግ በበኩሉ 12ቱንም ኖታዎች በአንድ ጭብጥ ውስጥ ያካትታል። ተማሪው መጽሐፉን ሲጨርስ የጣሊያንን፣ የፈረንሳይንና የጀርመንን፣ የጥንቱንና የዘመኑን ስልት በጣቶቹ አውቆ ይወጣል።

ባኽ «ክላቪየር» ሲል ፒያኖን ብቻ ማለቱ አልነበረም። ቃሉ ማንኛውንም የኪቦርድ መሣሪያ ያጠቃልላል። በዘመኑ የተለመደው ሃርፕሲኮርድ ክሩን የሚነቅል በመሆኑ፣ ጣት ቢጫንም ቢለሰልስም የድምፁ ጉልበት አይለወጥም። ስለዚህ በሃርፕሲኮርድ ላይ ጭብጡን ጮክ አድርጎ ማሳየት አይቻልም። የዜማው ቅርጽ ራሱ መታወቅ አለበት። ዛሬ በፒያኖ የሚጫወት ሰው ጭብጡን ብቻ እያጎላ ሌሎቹን ቢያፍናቸው፣ የፊዩጉን ዋና ነገር ያጣል፤ እኩል የነበሩት አጃቢ ይሆናሉና።

ዘመን ሲዞር

ባኽ በሕይወት ሳለ የሙዚቃ ፋሽን ተለወጠ። አዲሱ ትውልድ አንድ ጣፋጭ ዜማና ቀለል ያለ አጃቢ ይሻ ነበር። በ1737 ዮሐን አዶልፍ ሻይበ የተባለ ሐያሲ የባኽ ሙዚቃ በብልሃት ብዛት የተወሳሰበ፣ ተፈጥሯዊ ውበቱም የተሸፈነ ነው ሲል ነቀፈው።

ዝናው ግን አልጠፋም። በ1747 የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሪድሪክ በፖትስዳም ቤተ መንግሥቱ ተቀበለው። ንጉሡ አንድ አስቸጋሪ ጭብጥ ሰጥቶት እዚያው ፊዩግ እንዲፈጥርበት ጠየቀው፤ ባኽም በዚያው ቅጽበት ባለ ሦስት ድምፅ ፊዩግ ተጫወተ። ወደ ቤቱ ሲመለስ በንጉሡ ጭብጥ ላይ ባለ ስድስት ድምፅ ፊዩግ ጭምር ያለበትን ሥራ አሳትሞ ላከለት።

በመጨረሻ ዘመኑ «የፊዩግ ጥበብ» የተባለውን ሥራ ጀመረ። ከአንድ ጭብጥ ተነሥቶ የፊዩግን መንገዶች ሁሉ ያሳየበት ነው። የመጨረሻው ፊዩግ ግን አልተጠናቀቀም። በጀርመኖች የኖታ አጠራር የስሙን አራት ፊደላት የሚያነበው ጭብጥ ከገባ ጥቂት ቆይቶ ጽሑፉ ይቋረጣል። ባኽ በ1750 በላይፕሲግ አረፈ። ሥራው በማግሥቱ ዓመት ታተመ፤ ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል በ1756 የማተሚያ ሰሌዳዎቹን ለሽያጭ ሲያቀርብ እስከዚያ የተሸጠው 30 ቅጂ ያህል ብቻ እንደነበር ገልጿል።

ከእጅ ወደ እጅ

«በሚገባ የተቃኘው ክላቪየር» ደግሞ ደራሲው በሕይወት ሳለ ጨርሶ አልታተመም። የመጀመሪያው ኅትመት የወጣው በ1801፣ መጽሐፉ በተጻፈ በ79ኛው ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ መጽሐፉን ያቆዩት ተማሪዎች ናቸው። ከመምህራቸው ይገለብጣሉ፤ መምህር ሲሆኑም ለተማሪዎቻቸው ያስገለብጣሉ።

ሞዛርት በ1782 በቪየና የባሮን ፋን ስቪተን ቤት የባኽን ፊዩጎች አጠና፤ ከሁለተኛው ክፍል አምስቱን ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች አዘጋጃቸው። በቦን ከተማ ደግሞ መምህሩ ክሪስቲያን ጎትሎብ ኔፌ በ1783 ስለ አንድ ታዳጊ ተማሪው ለሕዝብ ጻፈ፤ ታዳጊው የመጽሐፉን አብዛኛውን ክፍል ይጫወታል አለ። ተማሪው ቤትሆቨን ነበር። ሁለቱም የተማሩት ከመታተሙ በፊት ነው። ሾፓን በ1838 ወደ ማዮርካ ደሴት ሲሄድ መጽሐፉን ይዞ ሄደ፤ እርሱም በ24ቱም ስኬሎች ፕሪሉዶች ጻፈ። ሾስታኮቪች ባኽ ያረፈበት 200ኛ ዓመት በ1950 በላይፕሲግ ሲታሰብ ተገኝቶ ሲመለስ፣ የራሱን 24 ፕሪሉዶችና ፊዩጎች ደረሰ። በ1977 ወደ ጠፈር በተላኩት የቮዬጀር መንኮራኩሮች ላይ በተጫነው የወርቅ ቅብ ሸክላም፣ ከሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያው ጥንድ ተቀርጿል።

ለዚህ ሙዚቃ አዲስ የሆነ አድማጭ ከ«ሲ ማይነር» ፊዩግ ቢጀምር መልካም ነው። መጀመሪያ ብቻዋን የምትሰማውን አጭር ዜማ በሚገባ ይያዛት። ቀጥሎ በስንት ቦታ እንደምትመለስ እየቆጠረ ይስማ፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከመካከል፣ አንዴ ከታች ያገኛታል። በሦስተኛው ጊዜ ጭብጡን ትቶ ተጓዳኙን ብቻ ይከተል። ያኔ አጃቢ የመሰለው ድምፅ የራሱ መንገድ እንዳለው ይረዳል።

በቁም ሣጥን የተቆለፈው የወንድሙ መጽሐፍ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም። ባኽ ለልጁና ለተማሪዎቹ የጻፈው መጽሐፍ ግን ከደብተር ወደ ደብተር እየተገለበጠ ዘመኑን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሷል። ፊዩግም የሚኖረው በዚሁ መንገድ ነው፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበላል፤ የሰጠውም ዝም አይልም፤ ከተቀበለው ጋር አብሮ ያዜማል።